ድሬ ጠያራ ላይ ያሳረፍነው አብራሪ

ልጅ እያለሁ በሐረር ሰማይ ላይ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ሁለት ድምፅ እንሰማ ነበር፤ መጀመሪያ የአውሮፕላኑን፣ ቀጥሎ የእትዬ ሙሉን የቆርቆሮ በር። ሰፈራችን አቦከር ነው፤ የእሳቸውን ግቢና የኛን የሚለየው አንድ የድንጋይ አጥር ነበር። ልብስ ሰፊ ናቸው። የስፌት መኪናቸው ድንገት ጸጥ ይላል፣ በሩ ሲጢጥ ብሎ ይከፈታል፣ እትዬ ሙሉ አንገታቸው ላይ ሜትር እንዳንጠለጠሉ ብቅ ይላሉ። እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው አውሮፕላኑ ደመና ውስጥ እስኪገባ ድረስ ያዩታል። ከዚያ ይገባሉ፤ መኪናውም ሥራውን ይቀጥላል። እናቴ ይህን ባየች ቁጥር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የሞተስ ይለቀሳል፤ የጠፋ ምን ይደረጋል?» ትል ነበር።

ባላቸው ሻምበል ውብሸት የጄት አብራሪ ነበሩ። በሶማሊያው ጦርነት ጊዜ አንድ ማለዳ ከድሬዳዋ ተነሥተው ወደ ኦጋዴን በረሩ፤ በዚያው ቀሩ። የአውሮፕላኑ ስብርባሪ አልተገኘም፣ አስከሬንም አልመጣም። ለእትዬ ሙሉ የደረሳቸው ወረቀት «ግዳጅ ላይ እንዳሉ የደረሱበት አልታወቀም» የሚል ነው። ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ሴት ነበሩ፤ ከተጋቡ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላቸውም። ሽማግሌዎች ለቅሶ እንዲቀመጡ ቢለምኗቸው «ያላየሁትን ሞት አላለቅስም» ብለው፣ ድንኳን ሊተክሉ የመጡትን የዕድር ሰዎች ከደጅ መለሷቸው። እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ ይህ ከሆነ አሥራ አምስት ዓመት አልፎ ነበር። ጥቁር ለብሰው አይቼ አላውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ የሻምበልን ጫማ አውጥተው ቀለም ይቀቡታል፤ ቤታቸው የጫማ ቀለም፣ የመኪና ዘይትና የአዲስ ጨርቅ ሽታ ነበረው።

የዚያን ጊዜ የልብ ጓደኛዬ ሩቂያ ናት። አባቷ ፈረስ መጋላ ላይ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ የሱቃቸው መጋዘን ከአንድ ቪዲዮ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ቪዲዮ ቤቱ የሕንድ ፊልም ካላሳየ የጠፈር ፊልም ያሳያል፤ ሴት ልጅ ግን እዚያ አትገባም። እኛም ከትምህርት ቤት ስንመለስ የጨርቅ ጣቃ ላይ ተቀምጠን፣ የባቢሌ ለውዝ እየፈለፈልን፣ ጆሯችንን ግድግዳው ላይ ለጥፈን እናዳምጣለን። ቋንቋው አይገባንም። የሆነ ነገር ይፈነዳል፣ የሆነ ነገር ሽው ብሎ ያልፋል፣ ወንዶቹ ባንድ አፍ ይጮኻሉ። ሥዕሉን የምንሞላው እኛ ነን። በኋላ ሩቂያ «አቦ፣ ለምን ራሳችን አንጽፈውም?» አለች። አንድ ደብተር ገዛን፤ እኔ እጽፋለሁ፣ እሷ ትስላለች።

በከዋክብት መሀል የምትቀዝፍ መርከብ ሠራን። የመርከቧን ሥርዓት ያገኘነው ከሩቂያ አጎት ነው። ምፅዋ ላይ ባሕር ኃይል አገልግለው የተመለሱ ሰው ነበሩና፣ አለቃ መርከብ ላይ ሲወጣ መርከበኞቹ ተሰልፈው በፉጨት እንደሚቀበሉት አጫውተውናል። ሁሉ ነገር ተሟልቶ የቀረን አዛዥ ብቻ ነበር። አዛዡን ከጎረቤት የወሰድኩት እኔ ነኝ። ስማቸውን እንኳ አልቀየርኩም። ሻምበል ውብሸት ከድሬዳዋ እንደተነሡ ከደመና በላይ አንድ ብርሃን ዋጣቸው፤ ሲነቁ የከዋክብቱ መርከብ ላይ ናቸው፣ መርከበኞቹም በሁለት ረድፍ ቆመው ያፏጫሉ። የሳይንስ አስተማሪያችን በጣም ለሚፈጥን መንገደኛ ጊዜ ቀስ ብሎ እንደሚሄድ ነግሮን ስለነበር፣ እዚህ አሥራ አምስት ዓመት ሲያልፍ ለሻምበል ያለፈው ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው ብዬ ጻፍኩ።

ነሐሴ ላይ ዩኒፎርም ልለካ ከሩቂያ ጋር እትዬ ሙሉ ቤት ሄድን። ትከሻዬን እየለኩ ሳለ ደብተሩ ከብብቴ ወደቀ። አንሥተው ገለጡት። ሩቂያ የሳለችው አብራሪ የራስ ቁሩን አጥልቆ ቆሟል፤ ከሥሩ ስሙ አለ። በጥፊ የሚሉኝ መስሎኝ ወደ በሩ አፈገፈግሁ።

«አንብቢልኝ» አሉኝ።

እየተንተባተብኩ አነበብኩላቸው። ዘጠኝ ቀን የሚለው ጋ ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

«እንግዲያው አላረጀማ?»

«አላረጁም» አልኩ።

«እኔ አርባ ልደፍን ነው» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እየሄድን የጻፍነውን እናነብላቸው ጀመር። መኪናውን አቁመው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው ያዳምጣሉ። አንዳንዴ ያርሙናል። «ግራኝ ነው እኮ፤ ለምን መሪውን በቀኝ እጁ አስያዝሽው?» ይሉኛል። ወይም ሩቂያን «እዚያ ላይ ብርድ አለ? ብርድ አይወድም» ብለው ይጠይቋታል። ሩቂያ መርከቧ ውስጥ ሙቀት ነው ስትላቸው እፎይ ይላሉ። ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ሙሉ ፊታቸው ወዛ ይል ነበር። እኔም መጀመሪያ ኮራሁ። በኋላ ግን ፍርሃት ገባኝ። አመሻሽ ላይ በአጥራቸው ሥር ሳልፍ የወንድ ሳል የምሰማ ይመስለኝና እሮጣለሁ። ደብተሩን ከራስጌዬ አንሥቼ ቁም ሳጥን ሥር ከተትኩት።

ከኔ ቀድማ የነቃችው ሩቂያ ናት። «ወላሂ ልቤ ፈራ» አለችኝ አንድ ቀን፣ መጋዘኑ ውስጥ። «ትናንት ጨርቅ ሊገዙ መጥተው፣ አባዬ ቤተሰብ ደኅና ነው ወይ ሲላቸው ‹ሻምበልም ደኅና ነው› አሉት። አባዬ ደንግጦ አየኝ። ይሄ ነገር ሐራም ነው። ሻምበል ደብተሩ ላይ በክብር ይሙቱና ይለቅ።»

«አልገድላቸውም» አልኩ።

«እኛ ነን እንዴ የምንገድላቸው?»

ተኳረፍን። ሁለት ቀን ሳንነጋገር ቆየንና በሦስተኛው መጨረሻውን ብቻዬን ጻፍኩት። ሻምበልን አገራቸው መለስኳቸው። የሚያርፉበትን ቦታ ለመምረጥ አልተቸገርኩም። ከከተማችን ወጣ ብሎ ድሬ ጠያራ የሚባል የገበሬ አገር አለ፤ ጠያራ ማለት አውሮፕላን ነው፤ በልጅ አእምሮዬ ከዚያ የተሻለ ማረፊያ የለም። ቀኑንም ቆረጥኩ፤ የመስቀል ማግስት፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት።

አዲሱ ዓመት በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ አነበብኩላቸው። ሩቂያ አኩርፋም ቢሆን መጥታ በሩ ላይ ቆማለች። እትዬ ሙሉ አላለቀሱም፣ አልሳቁም። «ምኑ ጋ ነው የሚያርፈው?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። አይቼው የማላውቀውን አገር «ማሽላው አልቆ ሜዳው የሚጀምርበት ጋ» አልኳቸው። ሁለታችንንም ግንባራችንን ሳሙን። ታሪኩ አልቋልና ተገላገልኩ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

የመስቀል ማግስት የእትዬ ሙሉ መኪና ድምፅ አልተሰማም። እናቴ ብታንኳኳ መልስ የለም። ዩኒፎርም ሊወስዱ የመጡ እናቶች ደጃፉ ላይ ተሰበሰቡ፤ ቤተ ክርስቲያን ተፈለጉ፣ ገበያ ተፈለጉ፣ ሆስፒታል ተጠየቀ። እኔ ከሰዎቹ መሀል ቆሜያለሁ። የት እንዳሉ የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ፤ ከተናገርኩ ደግሞ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይታወቃል። እኩለ ቀን ላይ ሩቂያ ከጁገል ግንብ ውስጥ እየሮጠች መጣች። ወሬው ፈረስ መጋላ ደርሷል። ምንም ሳትለኝ እጄን ይዛ አባቴ ፊት አቆመችኝና «ንገሪያቸው» አለችኝ።

አባቴ ደብተሩን አስመጥቶ የመጨረሻውን ገጽ ቆሞ አነበበ። የሚገርፈኝ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ኮቱን አነሣና ታክሲ ተኮናተረ። እኛንም ይዞን ሄደ።

ድሬ ጠያራ ስንደርስ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ነበር። ዩሱፍ የሚባሉ አዛውንት ገበሬ መንገድ ዳር ቆመው መኪና የሚጠብቁ ይመስላሉ። ገና ሳንጠይቃቸው «የሴትዮዋ ዘመዶች ናችሁ?» አሉን። «ከማለዳ ጀምሮ እዚህ ናት። ውሃ ሰጠኋት፣ ጠጣች። ማንን ነው የምትጠብቂው ብላት ‹ባሌን› አለችኝ። በየት በኩል ይመጣል ስላት ወደ ላይ አሳየችኝ። ብቻዋን እንዳትሆን ልጆቼን አጠገቧ አስቀመጥኳቸው።»

እውነትም ማሽላው ያለቀበት ሜዳ አፋፍ ላይ፣ በሁለት ልጃገረዶች መሀል ተቀምጠው አገኘናቸው። አዲስ የሰፉትን ቀሚስ ለብሰዋል። ክንዳቸው ላይ በሥርዓት የታጠፈ ውሃ ሰማያዊ የወንድ ሸሚዝ አለ፤ ቁልፎቹ ገና ያብለጨልጫሉ። ያላረጀ ሰው ልኩ አይለወጥምና በዱሮው ልክ ሰፍተውታል። ፀሐዩ ፊታቸውን አቃጥሎታል። እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

«እትዬ፣ ይቅር በሉኝ፤ እኔ ነኝ ከራሴ የፈጠርኩት። እውነት አይደለም።»

«አውቃለሁ ልጄ» አሉ፣ ፀጉሬን እየደባበሱ። «ልጅ ነኝ እንዴ? ከመጀመሪያውም አውቃለሁ።»

አባቴ አጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ «ታዲያ ሙሉዬ፣ እያወቅሽ ለምን መጣሽ?» አላቸው።

ሜዳውን ትንሽ አዩና እንዲህ አሉ፦ «አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የጠበቅሁት ቀን ሳይኖረው ነው። በየትኛው ቀን ተስፋ ልቁረጥ? ዛሬ እንዳልል ነገ ቢመጣስ እላለሁ። ይህች ልጅ ቀን ሰጠችኝ፣ ሰዓትም ሰጠችኝ። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አራት ሆነ፣ ስድስት ሆነ። አልመጣም። እንግዲህ አይመጣም።»

ከዚያ ተነሡና ቀሚሳቸውን አራገፉ። ሸሚዙን ለአቶ ዩሱፍ በሁለት እጃቸው ሰጧቸው። ሽማግሌው ወደ አባቴ አዩ፤ አባቴ በዓይኑ ተቀበሉ አላቸው። «ቢስሚላህ» ብለው ተቀበሉ። በታክሲው ውስጥ እትዬ ሙሉ እጄን ሳይለቁ አቦከር ደረስን። ለእናቴ በር ላይ የነገሯት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ለዕድሩ ዳኛ ንገሪልኝ፤ ድንኳኑን ይትከሉ።»

ለአሥራ አምስት ዓመት የቆየ ለቅሶ እንዴት እንደሚለቀስ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሰው መጣ፣ ተቀመጠ፣ ዝም አለ። አልቃሽ ስታዜምም እትዬ ሙሉ ጥቁር ለብሰው ዓይናቸው ደረቅ ነው። በሦስተኛው ቀን አቶ ዩሱፍ ከልጆቻቸው ጋር አንድ ቁና ማሽላ ይዘው መጡ። ያንን ሸሚዝ ለብሰውታል፤ ትከሻው ጠቧቸዋል። ድንኳኑ በር ላይ ጎንበስ ብለው «አላህ ያጽናሽ» ሲሉ፣ እትዬ ሙሉ ሸሚዙን አዩና እስከዚያ ሰዓት ያልወጣ ድምፅ ከሆዳቸው ወጣ። ያን ድምፅ እስከ ዛሬ ድረስ አንዳንዴ ምግብ እየሠራሁ፣ አንዳንዴ የተማሪ ደብተር እያረምኩ እሰማዋለሁ። እኔና ሩቂያ ዳግመኛ ስለ ከዋክብት አልጻፍንም። አትጻፉ ያለን ግን ማንም የለም።

እትዬ ሙሉ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል፤ ከዚያ ለቅሶ በኋላ ብዙ ኖረው፣ የግማሽ ሐረርን ልጅ ዩኒፎርም ሰፍተው ነው የሞቱት። ሩቂያ ዛሬ የአባቷን ሱቅ ይዛለች፤ ቪዲዮ ቤቱ የስልክ መጠገኛ ሆኗል። እኔ አማርኛ አስተምራለሁ። ልጄ በሰማይ የሚያልፈውን አውሮፕላን ስልኳ ላይ አይታ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ፣ በስንት ሰዓት እንደሚያርፍ ትነግረኛለች። ዛሬ የሚጠፋ ነገር የለም ብዬ ላምን ምንም አልቀረኝ።

ባለፈው ሰኔ ግን አንዲት የሰፈራችን እናት ቤቴ መጡ። ልጃቸው ለውትድርና ሄዶ ስልኩ ከተዘጋ ዓመት አልፎታል። በየቀኑ ይደውላሉ፤ በየቀኑ ያው የተቀዳ የሴት ድምፅ ስልኩ ጥሪ አይቀበልም ይላቸዋል። «መጻፍ ትችላለች ብለውኝ ነው» አሉኝ፤ «ስለ ልጄ አንድ ነገር ጻፊልኝ።» ወረቀት አወጣሁ። ያኔ በአሥራ ሁለት ዓመቴ ሰውን ከሰማይ አውርጄ ሜዳ ላይ ለማሳረፍ፣ ቀን ለመቁረጥ፣ አንድ ከሰዓት በቅቶኝ ነበር። አሁን ግን የልጁን ስም ጽፌ እጄ ቆመ። እሳቸው ወረቀቱን ያያሉ፣ እኔ እሳቸውን አያለሁ።

«ብዙ አይደለም» አሉኝ፤ «መቼ እንደሚመጣ ብቻ።»

ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ከስሙ አላለፍኩም።