ጤፍ ውስጥ የተቀበረው ስልክ

ባለፈው ሳምንት አንድ በቅሎ ጫኚ ስልኩን በፌስታል ጠቅልሎ ሱቄ ገባ። ተራራው ላይ ዝናብ መትቶበት ቻርጅ አልይዝ ብሎታል። መነጽሬን አድርጌ የቻርጅ ቀዳዳውን በባትሪ መብራት ሳየው ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ። በመርፌ ጫፍ እየቆፈርኩ ሦስት የጤፍ ፍሬ አወጣሁ፤ ነጭ ጤፍ፣ ያውም የተበጠረ።

«ማነው ጤፍ ውስጥ ቅበረው ያለህ?» አልኩት።

«ኧረ ይሄማ ድሮም የታወቀ ነው እትዬ። ከሩዝ ጤፍ ይሻላል ያሉት ጋሽ አስማረ የሚባሉ ትልቅ ባለሙያ ናቸው አሉ። እዚሁ ደባርቅ ነበሩ።»

ተቀመጥና ጠብቅ አልኩት። በሩ ሥር ዱካው ላይ ተቀምጦ ከኪሱ የገብስ ቆሎ እያወጣ መቆርጠም ጀመረ። እኔም ስልኩን እየፈታሁ ሦስቱን ፍሬ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ አየኋቸው። ጋሽ አስማረን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም።

አስማረ ታላቅ ወንድሜ ነው። በዕድሜው አንድም ስልክ ከፍቶ አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ሾርባ ነው፤ ተራራ ለሚወጡ ቱሪስቶች ምግብ አብሳይ ነበርና ድስቱን በበቅሎ አስጭኖ ከቡይት ራስ እስከ ጨነቅ ካምፕ ይመላለስ ነበር። የሱቁ ታፔላ ላይ የተጻፈው ግን የእሱ ስም ነበር። ሱቁን ስንከፍት እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ጎንደር ኤሌክትሮኒክስ ተምሬ መመለሴ ነው። ሥራ በጀመርን በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሰውዬ መፍቻውን ይዤ ስልኩ ላይ ጎንበስ ስል ሲያየኝ፣ «ኧረ ተይው!» ብሎ ከእጄ ነጥቆኝ ወጣ። በሁለተኛው ሳምንት ሱቁን መሃል ለመሃል በመጋረጃ ከፈልኩት። ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ሲመጣ «ለአስማረ እሰጠዋለሁ» ብዬ እቀበላለሁ፤ ከመጋረጃው ጀርባ ገብቼ ሠርቼ እመልሳለሁ። ሰውም «እጁ ይባረክ» ብሎ ይሄዳል። አስማረ ይህን ስነግረው በሳቅ ይፈርሳል። በተራራው ላይ ድንች እየላጠ የተመረቀ ሰው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ፌስቡኩም እንደዚያው ሆነ። ስልክ ጠጋኞችና ስልክ የተበላሸባቸው ሰዎች የሚገናኙበት አንድ ግሩፕ ነበር፤ ከመተማ እስከ ሐረር ያለ ሰው ይጠይቅበታል። የሱቁ ስልክ ላይ አስማረ የከፈተው አካውንት ስለነበር በእሱው መመለስ ጀመርኩ። ኔትወርኩ እንደ ደባርቅ ጉም ይመጣል፣ ይሄዳል። ስልኩን መስኮቱ ላይ አቁሜ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ስክሪኑ ነጭ ለሆነበትም ሲም አላነብ ላላትም እመልሳለሁ። ብዙውን ከመመለሴ በፊት የሞተ ስልክ ላይ እሞክረዋለሁ። ዓመት ሳይሞላ «ጋሽ አስማረ» ሆንኩ። ነገር ሲጠፋቸው «ጋሽ አስማረ የት አሉ?» ይላሉ። በሃያ ሁለት ዓመቴ የሽማግሌ ክብር እበላ ነበር። ደስ ይል ነበር፤ አልዋሽም።

ሐምሌ ገባ። የዚያ ዓመት ዝናብ የሊማሊሞን መንገድ ደጋግሞ ዘግቶት ነበር፤ መኪኖች ከተማው ውስጥ ተደርድረው ያድራሉ፣ የፓርኩ ስካውቶችና በቅሎ ጫኚዎች የረጠበ ስልክ ይዘው ይመጣሉ። ግሩፑ ላይም አንዱ ጠየቀ፤ ስልኬ ውሃ ገባበት፣ ምን ላድርግ? ያኔ ሁሉም ሩዝ ውስጥ ቅበረው ይል ነበር። እኔ ደግሞ ብልጥ ልሁን አልኩ። ሩዝ እዚህ አገር በየቤቱ የለም፤ ጤፍ ግን ደቃቅ ነው፣ ውሃውን የበለጠ ይመጥጣል ብዬ በሐሳቤ ወሰንኩና «ከሩዝ ጤፍ ይሻላል» ብዬ ጻፍኩ። ሞክሬው አላውቅም ነበር። ምስጋናው እንደ በረዶ ወረደ። «የአገራችንን ነገር ማን ያውቃል እንደ ጋሽ አስማረ!»

ከምስጋናው መሃል አንዲት ልጅ እንዲህ ስትል ጻፈች፤ «ጋሽ አስማረ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጤፍ ደቃቅ ስለሆነ ቻርጅ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል፤ እንደዚያ የሆነ ሁለት ስልክ መጥቶልኝ ነበር። የሚሻለው ባትሪውን ቶሎ አውጥቶ፣ ስልኩን ከፍቶ በአልኮል መጥረግ ነው። እጅጋየሁ ነኝ፣ ከዳባት።»

ከፎቶዋ ጋር፣ ከነስሟ። መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር መልሷን ማንበብ አልነበረም፤ ፎቶዋን ከፍቼ ማየት ነበር። ሹሩባ ተሠርታ፣ ፍንጭት ጥርሷን ሳትደብቅ ትስቃለች። ከኋላዋ ጠረጴዛ ይታያል፤ ጠረጴዛው ላይ የተፈታ ስልክ። መጋረጃ የለም። ደጅ ላይ ነው የምትሠራው፣ ሰው እያያት።

ቅናት አጥንት ያነቅዛል ሲሉ እሰማ ነበር፤ የት ጋ እንደሚጀምር የገባኝ ያን ቀን ነው። የቀደሙ መልሶቿን እየፈለግሁ አንድ በአንድ አነበብኩ፣ ስሕተት ላገኝባት። አጣሁ። ለአንዷ ጠያቂ የሰጠችው መልስ ከእኔ የበለጠ ግልጽ ነበር፤ እሱን ሁለት ጊዜ አነበብኩትና ሁለት ጊዜ ተናደድኩ። ከዚያ አንድ አሮጌ ስልክ ውሃ ነክሬ ከእናቴ ሙዳይ በወሰድኩት ጤፍ ቀበርኩት። በማግስቱ ሳወጣው ቀዳዳው በጤፍ ተጠቅጥቋል። ልጅቷ ልክ ናት።

በግሩፑ ግን ወንዶቹ ተነሥተውባት ነበር። «አንቺ ጤፍ የምታውቂው ለቡኮ ነው» ይላል አንዱ። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ይላል ሌላው። እሷ አልተሳደበችም። «እኔ የተናገርኩት ስለ ስልክ ነው፤ ስለ ስልክ መልሱልኝ» ብቻ አለች። በመጨረሻ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ «ጋሽ አስማረ ይፍረዱ!»

ያ የተጠቀጠቀ ስልክ አጠገቤ ነበር። አንድ መስመር ብጽፍ ነገሩ ያልቃል፤ ልክ ናት፣ ተሳስቻለሁ። ጣቴ የጻፈው ግን ሌላ ነው።

«እህቴ፣ ወንድምሽን ጠይቂና ተመለሺ።»

ይህ ቃል ከየት መጣልኝ እያልኩ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። ከመጋረጃው ጀርባ ነዋ፣ ከየት ይመጣል? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ሳቁ፣ አጨበጨቡ። ከዚያ ወዲያ እጅጋየሁ ምንም ብትመልስ ከሥሯ «ወንድምሽን ጠይቂ» ይጻፍላት ጀመር። ቀስ በቀስ መልሷ ቀነሰ። በነሐሴ መጀመሪያ ጭራሽ ጠፋች። በዚያው ሰሞን ከዳባት የሚመጡ ደንበኞች በዙልን። እኔም እሰይ አልኩ፤ ለምን እንደመጡ አልጠየቅሁም።

በፍልሰታ ጾም አጋማሽ፣ ጉሙ እስከ ረፋድ ባልገለጠበት አንድ ቀን፣ ጃንጥላዋ የተሰበረ ልጅ በሩ ላይ ቆመች። ፍንጭቷን ሳይ አወቅኋት።

«እንደምን ዋልሽ እቴ» አለችኝ። «ጋሽ አስማረን ፈልጌ ነበር።»

«ጨነቅ ናቸው» አልኩ። ወንድሜን አንቱ ስል ያ የመጀመሪያዬ ነው።

«እጠብቃለሁ።»

«ዛሬ ላይመጡ ይችላሉ።»

«ግዴለም፣ እጠብቃለሁ። ከዳባት ድረስ መጥቼ እንዲያው አልመለስ።»

ተቀመጠች። ድንች ቅቅል በአዋዜ ነበረኝና ብዪ አልኳት፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደምትጾም ነገረችኝ። እኔም የጾምኩ መሰልኩና ሳህኑን ከደንኩ። ከዚያ ራሷ ትናገር ጀመር። የምትሠራው አጎቷ ቤት በረንዳ ላይ ነው። አባቷ የቅኔ መምህር ናቸው፤ «እጅሽ ከተማረ እሱም ትምህርት ነው» ብለው ጠረጴዛውን የሰጧት እሳቸው ናቸው። እኔ ታፔላ ላይ ስሜን ለመጻፍ የማንንም ፈቃድ ጠይቄ እንደማላውቅ፣ ያልጠየቅሁትም ፈርቼ እንደሆነ ያኔ ትዝ አለኝ፤ በአባቷም ቀናሁ።

«አሁን ግን ሰው ሁሉ የደባርቁ ባለሙያ ወንድምሽን ጠይቂ ብሎሻል እያለ ስልኩን እዚህ ያመጣል። አጎቴ እስከ እንቁጣጣሽ ሰው ካልመጣ ጠረጴዛውን አንሺ ብሎኛል» አለች። «ደግሞ እኮ ወንድም የለኝም። የምጠይቀው ባገኝ እጠይቅ ነበር።»

ይህን ስትል አንድ ስካውት እየሮጠ ገባ። ቱሪስቶቹ መኪና ላይ ናቸው፤ ስልኩ ድምፅ አልሰጥ ብሎታል፤ አስማረ ቶሎ ይይልኝ አለ። እኔም እንደ ልማዴ «እሰጠዋለሁ» አልኩና ተቀብዬው መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። ድምፅ ማውጫው ቆሽሾ ነበር። ጠርጌ፣ ሞክሬ፣ ወጥቼ ሰጠሁት። «እጁ ይባረክ» ብሎኝ ሮጠ።

ዞር ስል እጅጋየሁ ቆማለች።

«ጨነቅ ናቸው አላልሽኝም?»

መጋረጃውን በአንድ ጣቷ ገለጥ አደረገችው። ባዶ ወንበር፣ መበየጃ፣ ወረንጦ፣ ወንበሩ ላይ የእኔ ሻሽ። ጠርዙ ላይ ደግሞ በጤፍ የተጠቀጠቀው አሮጌ ስልክ፤ ለምን እንዳልጣልኩት ዛሬም አላውቅም። አንሥታ ቀዳዳውን አየችው።

«ሞክረሽዋል» አለች።

«አዎ።»

«ከዚያ ወዲያ ነው ወይስ ከዚያ በፊት ያን ነገር የጻፍሽው?»

«ከሞከርኩት ወዲያ ነው።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «ወንዶቹንስ እችላቸው ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ለምደዋቸዋል ጆሮዎቼ። ጋሽ አስማረ ግን ትልቅ ሰው ናቸው፤ እሳቸው ያዩልኛል ብዬ ነበር።»

አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም፤ በዚህም ቀናሁባት። ቀናሁብሽ አልኳት፣ እንዲያው በግልጹ። በፎቶሽ፣ በስምሽ፣ ደጅ በመቀመጥሽ። ገርሟት አየችኝ። «በበረንዳ?» አለች። «ብርዱን ብታይው!» ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ድንቹን አብረን በላን።

በዚያው ዕለት በአስማረ ስም ጻፍኩ፤ እጅጋየሁ ልክ ነበረች፣ ጤፍ ስልክ ያበላሻል፣ ያን የተናገርኩት በክፋት ነው፣ ይቅር ትበለኝ። እውነትም ሰው ወደ በረንዳዋ ተመለሰ፤ ጠረጴዛዋም አልተነሣ። ግሩፑ ላይ የሆነውን ብታዩ ግን። «እንዴት ያለ ትሑት ሰው!» «ትልቅ ሰው ማለት እንዲህ ነው!» ይቅርታው ከጤፉ የበለጠ ተመሰገነ። እሷን የጠቀሳት ከስንት አንድ ነው። ማታውን መልእክት ላከችልኝ፤ «አመሰግናለሁ። የእኔንም ምስጋና ግን አስማረ ወሰደው።»

አስማረ ራሱ በመስከረም ሲወርድ ተማርሮ ነበር። «ስሜን መልሺልኝ! ቡይት ራስ ላይ ሰው ሁሉ የሞተ ስልክ እያስታቀፈኝ ሾርባዬ አረረ» አለ። መለስኩለት። መጋረጃውን አውርጄ አልጋ ልብስ አደረግሁት፤ በራሴ ስም፣ ትርንጎ ከደባርቅ ብዬ ገባሁና የመጀመሪያዋን መልሴን ጻፍኩ። ኔትወርኩ ሄዶ ሲመለስ ከሥሯ አንድ የማላውቀው ሰው ጽፎ አገኘሁ።

«እህቴ፣ ወንድምሽን ጠይቂና ተመለሺ።»

የራሴ ቃል፣ ፊደሉ ሳይዛነፍ። ፊቴ እሳት ሆነ። ልሰርዘውና ልወጣ ስል ከእሱ ሥር ሌላ መስመር መጣ። «ወንድሟ እሷን ጠይቆ ነው ባለሙያ የተባለው። እጅጋየሁ፣ ከዳባት።» እንዲህ ያለ መልስ ለእኔ ሳይመጣልኝ ለእሷ መምጣቱ ደግሞ አናደደኝ። ጤና ነበረኝ ማለት ይከብዳል።

ባለፈው ሳምንት የመጣው ስልክ ተጠርጎ በራ። በቅሎ ጫኚው ቆሎውን ጨርሶ እጁን አራገፈ። ሒሳቡን ሲጠይቀኝ ተውኩለት።

«ያ ጤፍ ያለው ባለሙያ እኔ ነኝ» አልኩት። «ተሳስቼ ነው። ያኔውኑ ያረመችኝ የዳባቷ እጅጋየሁ ናት።»

ቆም ብሎ አየኝና ሳቀ። «እትዬ ትርንጎ ደግሞ ይቀልዳሉ! ጋሽ አስማረማ ወንድ ናቸው እኮ። እጅጋየሁንስ አውቃታለሁ፤ ዳባት እሷን የማያውቅ አለ? እህቴንም ሙያውን ያስተማረቻት እሷ ናት።» መርቆኝ ወጣ።

በዚያ ግሩፕ በአስማረ ስም የሰጠሁት ትክክለኛ መልስ ሁሉ ተረስቷል፤ ሰው የያዘው ጤፉን ነው። እሱን እንኳ የእኔ ነው ብል የሚያምነኝ አጣሁ። እሷ ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ ስድቡንም በስሟ፣ ብርዱንም በስሟ ተቀበለች፤ ስሟም እዚያው አብሯት ቆየ።

ለእጅጋየሁ ደወልኩና የጤፉን ነገር ነገርኳት። «እስከ ዛሬ?» ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ስልኩን ስዘጋው ግን እንደ ድሮው ቀናሁባት።