በበግ መቀስ የተለቀመ ብርቱካን

ዘመኑን በልኩ አልይዘውም። ደርግ ገብቶ፣ የገበሬ ማኅበር ከቆመ በኋላ መሆኑን ግን አልስትም። ወሎ ውስጥ፣ ከቢስቲማ ከተማ በታች አባቴ የተከላቸው የብርቱካን ዛፎች ነበሩኝ።

ቀድሞ ብርቱካናችን በአሰብ በኩል ዓረብ አገር ነበር የሚሻገረው። የጥቂት ቀን መንገድ ነው፤ በእጃችን ጠምዝዘን ነቅለን በጆንያ እንጭነዋለን፣ በቃ። ኋላ የዓረቡ ገበያ ቀዘቀዘና መንግሥት ሩቅ ብርድ አገር ላሉ ወዳጆቹ ይልክ ጀመር። እኔም እንደለመድኩት ነቅዬ ኮምቦልቻ መጋዘን አደረስኩ።

ተቀባዩ አንዱን አንስቶ እምብርቱን አሳየኝ። ጭራው ሲነቀል ልጣጩ ተቀዷል።

«ጓድ፣ ይኼ መርከብ ላይ አንድ ወር ይከርማል። በዚች ቀዳዳ ይበሰብስና የጎኑንም ያበሰብሳል። በመቀስ ቁረጥ፤ ጭራውን ትንሽ አስቀርለት። ደግመህ እንዲህ ካመጣህ ከአቅራቢነት እሰርዝሃለሁ።»

ደሴ ወጥቼ የፒያሳን ሱቅ ሁሉ ዞርኩ፤ መቀስ የለም። ዛፎቹን ቆርጬ ማሽላ ልዘራ ወስኜ ቤቴ ገባሁ።

አማቴ፣ የሚስቴ እናት፣ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከደጋ ወርደው ነበር። እሳቸው ፊት ብዙ አልናገርም፤ ፊቴ ግን አሳበቀብኝ።

«ምነው ልጄ፣ ሰው ሞተ?»

«ኧረ የለም እማማ፣ መቀስ አጥቼ ነው።»

«ወላሂ፣ ለመቀስ ነው እንዲህ የጠቆርከው?» ብለው ሳቁ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በጎቻቸውን ራሳቸው ነው የሚሸልቱት። ደሴ ላይ ሊያስሉት የያዙትን የበግ መሸለቻ መቀስ ከቋጠሯቸው አወጡ።

በማግስቱ ተጣድፌ ስቆርጥ ጫፉ ልጣጩን ወጋው። አማቴ እጄን መቱኝ።

«ቀስ! በግ ቆዳው ሲነካ ይጮኻል። ይኼ የማይጮኽ በግ ነው፤ አንተ እወቅለት።»

የመቀሱን ጀርባ ወደ ፍሬው አድርገው አሳዩኝ። ሦስት ቀን አብረን ለቀምን። ጎረቤት እያለፈ «አማትህ ብርቱካን ሸለቱልህ አሉ!» ይለኛል፤ እሳቸው ደግሞ ከዛፉ ሥር «ና፣ ያንተንም ጢም ልሸልትልህ!» ይሉታል።

ኮምቦልቻ ተቀባዩ አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ፣ ከጆንያው ሥር ድረስ እጁን ሰዶ አወጣ።

«ማን ለቀመው?»

ነገርኩት። ሳቀና «በል አስገባው» አለኝ። አልሐምዱሊላህ።

ያ የብርድ አገር ሰው እንዴት አድርጎ እንደበላው አላውቅም። ዛፎቹ ግን ዛሬም ያፈራሉ። በማን ተረፉ ለሚለኝ፣ በደገኛዋ በአማቴ እለዋለሁ።