ከወፍጮው ጀርባ የተቀዳው ዝማሬ

ሐሙስ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ አዲስ አበባ

መናኸሪያ ስደርስ ገና ጨለማ ነው። የነቀምቴው ሚኒባስ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ መስኮት አጠገብ መሆኑ አስፈራኝና ጎኔ ያለውን ሰውዬ ቦታ እንቀያየር ብዬ ለመንኩት። ሳቀብኝ። "ነፋስ ይፈራሉ እንዴ?" አለ። አዎ፣ ነፋስ ነው አልኩት።

ፈሪ ነኝ። ከወዲሁ ልናገረውና ይውጣልኝ። ሃያ ዓመት ስለ ሙዚቃ ጽፌያለሁ፤ በሃያ ዓመት ውስጥ የደረሰብኝ ትልቁ አደጋ ስሙን የተሳሳትኩበት ዘፋኝ ደውሎ የሰደበኝ ነው። በወለጋ መንገድ ስለሚሆነው ነገር የማውቀው እንደማንኛውም የአዲስ አበባ ሰው በወሬ ነው። ወሬው ደግሞ እንቅልፍ የሚሰጥ አይደለም።

የምሄደው በራሴ ጥፋት ነው። ከጥቂት ወራት በፊት አንድ አልበም በፍላሽ እጄ ገባ። ባለቤቱ በወለጋ ሠርግና በዓል ላይ አርባ ዓመት በኦሮምኛ የዘፈኑ አዛውንት ናቸው። እዚህ ኦቦ ደበላ እላቸዋለሁ፤ "ኦቦ" በአማርኛው "አቶ" ማለት ነው። በስተርጅና ጌታን ተቀብለው ክራራቸውን ሰቀሉ ሲባል ነበር። አሁን ክራሩን አውርደው ስምንት ዝማሬ ዘምረዋል። ኪቦርድ የለ፣ ከበሮ የለ፣ ተቀባይ የለ። ድምፃቸው በጣም ዝቅ ያለ ነው።

አልበሙን ወደድኩት፤ ጻፍኩም። "ወደ ፈጣሪው ጆሮ ተጠግቶ ሹክ የሚል ሰው" ብዬ አወደስኳቸው። እዚህ ላይ ባቆም ምን ነበረበት! የጆሮዬን ጥራት ላሳይ ብዬ ከክራሩ ኋላ የሚሰማውን ሁሉ ዘረዘርኩ። በሁለተኛው ዝማሬ ትንፋሽ እያጠረው የሚሠራ የወፍጮ ሞተር፣ በአራተኛው አዛን፣ በስድስተኛው የመዘምራን ልምምድ። ወለጋ ውስጥ ቢላ ከምትባል ከተማ መርካቶ ቡና የሚያመጣ አንድ ነጋዴ አውቃለሁና አሰማሁት። "ይሄማ የኛ ወፍጮ ነው!" አለኝ። እኔም አልበሙ የተቀዳው ቢላ ከተማ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው ብዬ ጋዜጣ ላይ አወጣሁት።

ከሳምንት በኋላ አንዲት ሴት ከነቀምቴ ደወለች። "ሌንሳ እባላለሁ። አባቴ የተደበቀበትን ቤት ጋዜጣ ላይ አወጡት" አለች። ድምፅዋ ቁጣ የለበትም፤ ቢኖረው ይሻለኝ ነበር። "የቢላ ስልክ ተቋርጧል። ይኑር አይኑር አላውቅም" አለችኝ። በነጋታው ተነሳሁ ብል ደስ ባለኝ። አምስት ቀን ፈጅቶብኛል።

ከቀኑ 7 ሰዓት፣ ባኮ

አምቦን፣ ጉደርን አልፈን ጌዶ ላይ ጉም ተቀበለን። ቶሌራ የሚባለው ሾፌራችን ከፊቱ አሥር እርምጃ እየታየው ይቀልዳል። እኔ በጆሮ ማዳመጫ አልበሙን እሰማለሁ። የመጀመሪያው ዝማሬ እግዜርን እንደ ጎረቤት ሰላም ይለዋል። "አካም ቡልቴ፣ ያ ዋቃ"፣ እንዴት አደርክ አምላኬ፤ ከብቶችህስ እንዴት አደሩ፤ እኔ ዛሬም አልተኛሁም። ሌላ ዘፋኝ እዚህ ላይ ድምፁን ያወጣዋል። እሳቸው ይቀንሱታል፤ ሰሚው ሳያውቀው ወደፊት ያጎነብሳል። ክራሩም ቃሉን ላለመቅደም ኋላ ኋላ ይላል። ይህን ሁሉ በጽሑፌ የጸሎት ትጋት ብዬዋለሁ።

ከባኮ በፊት ያለ ኬላ ላይ ወርደን ተሰለፍን። የጽሑፌን ቁራጭ አጣጥፌ ካልሲዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ፤ በየእርምጃው ይቆረቁረኛል። ፈታሹ ትሑት ወጣት ነው፤ ጠመንጃው ግን ጠመንጃ ነው።

"ወዴት ነው?"

"ነቀምቴ።"

"ለምን ጉዳይ?"

ዘፋኝ ልጠይቅ ብል የትኛውን ዘፋኝ ይለኛል። "ለለቅሶ" አልኩ።

"የማን?"

"የአጎቴ።"

"እግዜር ያጽናህ" አለና መታወቂያዬን መለሰልኝ።

ከኋላዬ የተሰለፉት ሴትዮ ሰምተው ኖሯል። አዴ ጫልቱ ይባላሉ፤ "አዴ" እዚህ አገር ለእናት፣ ለትልቅ ሴት የሚባል ነው። መኪናው ውስጥ ስገባ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ጠበቁኝ። "ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ስንት ዓመታቸው ነበር?" አሉኝ። ሰባ አምስት አልኩ። ሥራቸውስ? "ክራር ይጫወቱ ነበር" አልኩ፤ እንዴት እንዳመለጠኝ እንጃ። ተሳፋሪው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። ቶሌራ ቴፑን አጠፋው። በሕይወት መኖራቸውን ለማየት የምሄድላቸውን ሰው፣ አፌን በቆረጠውና፣ በገዛ አፌ ቀበርኳቸው።

ባኮ ሙቀት ነው። ሴቶቹ ማንጎ በባልዲ ይዘው መኪናውን ከበቡት። አዴ ጫልቱ በላስቲክ ገዝተው ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። "ብላ፣ ኦቦሌሳ" አለኝ ቶሌራ፣ ወንድሜ ማለቱ ነው፤ "ሐዘንተኛም ይበላል።" በላሁ። ማንጎው ጣፋጭ ነበር፤ እሱም አሳፈረኝ።

ከቀኑ 11 ሰዓት፣ ነቀምቴ

የሌንሳ ቤት ቡርቃ ጃቶ የሚባል ሰፈር ነው። ይህን ስናገር አዴ ጫልቱ ዕቃቸውን አነሱ። "እኔም ቡርቃ ጃቶ ነኝ። ብቻህን ለቅሶ ቤት አትገባም።"

እውነቱን መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። ግን ቶሌራና ሌሎቹ ቆመው ይሰማሉ፤ ኬላ ላይ የዋሸ ሰው ነው ብሎ አንዱ ቢጠረጥረኝስ? ባጃጅ ውስጥ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ባጃጁ ውስጥ ደግሞ እጄን ይዘው በኦሮምኛ ይጸልዩልኝ ጀመር፤ ከጸሎት መሃል አቋርጦ ዋሽቻለሁ ማለት እንዴት ይቻላል። ዳገቱን ወጣን፤ የቆርቆሮ አጥር፣ የአቮካዶ ዛፍ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች። ከበሩ ስንደርስ አፌን ከፈትኩ። አዴ ጫልቱ ቀደሙኝ። እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ አድርገው ድምፅ አውጥተው አለቀሱ።

በሩ ተከፈተ። ሌንሳ አስተማሪ ናት፤ እጅጌዋ ላይ ጠመኔ አለ። የሚያለቅሱትን ሴትዮ አየች፣ እኔን አየች። "አባ?" አለች ቀስ ብላ፣ የበሩን መቃን ይዛ ቁጭ አለች።

"አልሞቱም!" አልኩ። "ማለት አላውቅም። እኔ ነኝ የዋሸሁት። ለኬላው ብዬ ነው።"

የአዴ ጫልቱ ለቅሶ ቆመ። ነጠላቸውን አስተካክለው ለበሱና ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "ኬላ ለማለፍ ሰው ትገድላለህ?" አሉኝ። ይሄዳሉ ብዬ ነበር። ገብተው ሌንሳን ውኃ አጠጧት፣ አጠገቧ ተንበርክከው ስለ አባቷ ጸለዩ። በመሃል እኔንም አነሱኝ፤ ለእኔ ይሁን በእኔ ላይ አልለየሁም።

ሌንሳ እንግዳ ነዎትና ብላ አንጮቴ አቀረበችልኝ፤ ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ የወለጋ ሥር ነው፣ ተቀቅሎ በቅቤና በሚጥሚጣ ይቀርባል። እየበላሁ ነገረችኝ።

"አንዱ ወገን መጣና ስብሰባችን ላይ ዝፈንልን አለው። ከዚያ ሌላው ወገን ላከበት፣ ለኛ ዝፈን ብሎ። ድምፄን ለጌታ ሰጥቻለሁ አላቸው። ሁለቱም አልተቀበሉትም። ቢላ ዘመድ ቤት ደበቅነው። እዚያ ሆኖ ዝማሬው መጣልኝ፣ ሳልሞት ቅጂልኝ አለ። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅዬ በስልኬ ቀዳሁት። እኔ መንገዱን አዳምጣለሁ፤ ሰው ሲያልፍ እጄን አነሳለሁ፣ እሱ ድምፁን ይቀንሳል።"

ያነሳሁትን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለስኩት።

"ሦስተኛው ዝማሬ መሃል ላይ ያቆማል አይደል? እርስዎ ቅዱስ ዝምታ ብለው ጽፈዋል።"

"አዎ።"

"በር ላይ ሰው ቆሞ ነበር" አለች።

ሃያ ዓመት የኮራሁበትን ጆሮዬን ጠላሁት። እሷ እስካሁን ቢላ ያልሄደችው ሰው ቢከተለኝስ ብላ ነው። አሁን ቤቱ ጋዜጣ ላይ ከወጣ ወዲያ መደበቁ ምን ይሠራል አለች። ነገ አብረን እንድንሄድ ተስማማን። ተስማማን የምለው እሷ ተናግራ እኔ ራሴን ስለነቀነቅኩ ነው።

ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ቢላ

ከአስፋልቱ ተገንጥለን በጠጠር መንገድ ገባን። በቆሎው ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሰው ያህላል፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ልምላሜ ብዬ የምጽፈው ነበር። ዛሬ የማየው ሰው የሚሸሸግበት መሆኑን ብቻ ነው። ሌንሳ የመኪናው ጠባብ ወንበር ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች።

ቢላ ገበያ ነበር። ጆንያ፣ በርበሬ፣ ቦኖ ላይ የተደረደረ ጀሪካን፤ በኦሮምኛ ተጀምሮ በአማርኛ የሚያልቅ ክርክር። እኔ የማዳምጠው ግን ያን ወፍጮ ነው። ድምፁን በሕልሜም አውቀዋለሁ። ወደ ወፍጮ ቤቱ በተጠጋን ቁጥር ሊሰማ ይገባ ነበር። አልተሰማም። ሌንሳም ሰምታለች፣ ማለትም አልሰማችም፤ ክንዴን ጨብጣ ያዘችኝ። በገበያ ቀን ወፍጮ አይቆምም። በሩ ዝግ ነው። ከጀርባ ያለው ቤት በሩ ገርበብ ብሏል፤ ውስጡ ጆንያ ብቻ። በቃ፣ የገደልኳቸው እኔ ነኝ አልኩ።

"አብሽሪ እህቴ" የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። የወፍጮው ባለቤት ዓሊ ነው። አባቱ በድርቁ ጊዜ ከወሎ በሠፈራ የመጡ፣ እሱ ግን እዚሁ ያደገ። "አብሽሪ፣ አይዞሽ፣ ደህና ናቸው።"

ሌንሳ ጆንያው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እሱ ለእኔ ነገረኝ፤ ማን እንደሆንኩ ገና አላወቀም።

"አንድ የኛ ነጋዴ ካዲሳባ ጋዜጣ አመጣልኝ። ወፍጮህ ጋዜጣ ላይ ወጣ ብሎ፣ ኮርቶ። ወላሂ እኔም መጀመሪያ ደስ አለኝ። ከዚያ ሲያነብልኝ ከጀርባ ያለውን ቤት አነሳው። ያኑ ቀን ኦቦን በዱቄት ጆንያ መሃል ጭኜ አወጣኋቸው። በማግስቱ ሁለት ሰዎች መጡ። ቤቱ የማነው አሉኝ። መጋዘኔ ነው ብዬ ከፍቼ አሳየኋቸው።"

"ወፍጮውስ?"

አቀረቀረ። አፈረ መሰለኝ። "እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ድምፁን ተከትለው እንዳይመጡ ብዬ። ጅልነት ነው፣ ከተማው ሁሉ ወፍጮዬን ያውቃል። ግን ምን ላድርግ፣ ሌላ የማጠፋው የለኝ።"

ጋዜጣው ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልጠየቅ እውነት ተናገርኩ። አየኝ፣ አየኝና "ጆሮህስ ደህና ጆሮ ነው" አለ። ከዚያ ወደ ሌንሳ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር በጆሮዋ ነገራት። እኔ እንዳልሰማ እጁን ከለለ።

ሰዓቱንም ቦታውንም አልጽፍም

ይህን ክፍል ሌንሳ አንብባ ሁለት መስመር ሰርዛበታለች። ምን ያህል እንደተጓዝን፣ በምን እንደሄድን፣ ዳገት ይሁን ቁልቁለት አልናገርም።

ኦቦ ደበላ ከድምፃቸው ያነሱ ሰው ናቸው፤ ሹራባቸው ይሰፋቸዋል። ልጃቸውን አቅፈው ብዙ ቆዩ። ከዚያ እኔን "ኮቱ፣ ና" አሉኝና ጽሑፌን እንዳነብላቸው ጠየቁ፤ ሙሉውን ያነበበላቸው የለም። ጫማዬን አውልቄ ከካልሲዬ አወጣሁት፤ በላብ ርሷል። አነበብኩ። እንዲህ ያፈርኩበት ንባብ የለም። "ወደ ፈጣሪው ጆሮ ተጠግቶ" የሚለው ላይ ስደርስ አስቆሙኝና እንድደግመው ጠየቁ። ደገምኩት።

"ፈርቼ ነው፣ ኢልማ ኮ" አሉ። "ዝቅ ያልኩት ሰው እንዳይሰማኝ ነው። ይህን ጻፍልኝ፣ ሰው ደፋር እንዳይለኝ።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኩ።

"ቆይ። ዝቅ ስል ግን የምለውን ለራሴ ሰማሁት። አርባ ዓመት ጮኼ ስዘፍን ቃሌን ሰምቼው አላውቅም። እና የጻፍከው ውሸት ነው አልልህም። ፍርሃቱን ስለዘለልከው ግን ጎደሎ ነው።"

ክራሩን ከአልጋው ሥር አወጡ። ዘጠነኛ ዝማሬ አለ፤ አልተቀዳም። እግዜርን መሸ ደህና እደር ይለዋል፤ አንተ ተኛ፣ ዛሬ ሌሊቱን እኔ እጠብቅልሃለሁ ይለዋል። የሚፈራ ሰው ይህን ሲል መስማት ከባድ ነው። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ አልደበቅኩትም። ከክራሩ ኋላ ሦስት ድምፆች ይሰማሉ፤ ጆሮዬ ወዲያው ለያቸው። አልጽፋቸውም።

አራተኛው ከውጭ መጣ። ሌንሳ አባቷን እያየች ስለነበር አልሰማችም። የሰው እርምጃ ነው። ጠጠሩ ላይ ይቀርባል።

እጄን አነሳሁ።

ኦቦ ደበላ አዩኝ፤ ክራሩን ሳያቋርጡ ድምፃቸውን ቀነሱ። እርምጃው በሩ አጠገብ ዘገየ፤ ከዚያ አለፈ። እኔ ግን ጠጠሩ ፈጽሞ ዝም እስኪል ድረስ እጄን አላወረድኩም።