እስከ አራት ብቻ የምታስቆጥር መዝሙር

ወዳጆቼ፣ በታላቅ ጸጸት የምናዘዘው አለኝ፤ ዛሬ በሕፃናት አፍ ትልቅ ሰው አምቻለሁ።

እማዬ ኮተቤ ኬጂ ታስተምራለች። ልጆቹ ቁጥር አልይዝ ስላሏት ጠዋት ላግዛት ብዬ ይቺን አስዘመርኳቸው፦

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣
እትዬ ሙሉ ተኙ ሳይደርስ ራት!»

እትዬ ሙሉ ዳይሬክተሯ ናቸው። ቢሮ ውስጥ እንደሚያንቀላፉ ከእሳቸው በቀር የማያውቅ የለም።

አሁን እትዬ ሙሉ ወላጆችን አስከትለው ገቡና «እስኪ ቁጠሩ!» አሉ። ክፍሉ በሙሉ ዘመረ። በጭብጨባ!

«አንቺ ነሽ ያስተማርሻቸው?» ብለው እማዬ ላይ አፈጠጡ። እማዬን ላብ አጠመቃት።

ይሄን የምጽፈው ከበሩ ጀርባ ሆኜ ነው። እናታችሁን እንዲህ ያስጠየቃችሁ ካላችሁ ኮሜንት ላይ አጽናኑኝ። ልውጣና ልመን ወይስ... ውይ፣ አንዷ ሕፃን በጣቷ እየጠቆመችኝ ነው!

እትዬ ሙሉ ተጣሩ፦ «ሶስና! ነይ ውጪ! በይ እስከ አሥር ጨርሺላቸው!»