ለኑሩ የመረጥኩት ካርድ

ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ የሚማረው የእህቴ ልጅ በስልኬ ሁለት ፎቶ ላከልኝ። ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም ማራገቢያ የተገጠመላቸው ዕቃዎች ናቸው። ከሥር «አክስቴ፣ የትኛው ያምራል?» ብሎ ጽፏል። እየቀለደብኝ ነው፤ ብር እንድጨምርለት ፈልጎ እንጂ እሷ ምን ታውቃለች ብሎ። ደወልኩለትና «መልኩን ተወው። መጀመሪያ ኮምፒውተርህ ምን ያህል ኃይል እንደሚችል እይ። ሳጥኑስ ጠባቡ ነው ሰፊው?» አልኩት። «አክስቴ፣ ግራፊክስ ካርድ ታውቂያለሽ እንዴ?» አለኝ።

አውቃለሁ እንጂ። እንዴት እንዳወቅኩት ግን ሴትዮዋ ጃጀች እንዳይሉኝ ለማንም አልተናገርኩም፤ ይኸው እዚህ ልናገረው።

ወጣት ነበርኩ። ከአረብ አገር ተመልሼ መካነ ሰላም ከገባሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። እናታችን ሞታለች፣ አባታችን ገጠር ከእርሻው ጋር ነው፤ ታናሽ ወንድሜ ኑሩ ከኔ ጋር ይኖራል። ጊዜው ወጣቱ ሁሉ በጥቃቅን ተደራጅ፣ ኮብልስቶን ጥረብ የሚባልበት ነበር። ኑሩም ተደራጀ፣ ተሰበሰበ፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ፈረመ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ጠብ ያለለት ነገር የለም። በመጨረሻ እኔ ለፍቼ ባመጣሁት ገንዘብ ከአንድ ቢሮ የወጣ አሮጌ ኮምፒውተር ገዛንና መናኸሪያው አጠገብ በአንዲት ክፍል ጌም ቤት ከፈትን። የሰፈሩ ልጆች እየከፈሉ ኳስ ይጫወቱበታል። እኔ በራፉ ላይ ሻይና ፓስቲ እሸጣለሁ።

መጀመሪያ ደህና ሠራን። በኋላ ገበያው አካባቢ ሌላ ጌም ቤት ተከፈተና አዲስ የኳስ ጌም አመጣ። እዚያ የተጫዋቹ ላብ ሳይቀር ይታያል አሉ። የኛዎቹ ፊታቸው ሊጥ ነው፤ ማን ማን እንደሆነ የሚለየው በማሊያው ቁጥር ብቻ ነው። ልጆቹ አንድ በአንድ ወደዚያ ሄዱ። ኑሩም አዲሱን ጌም በፍላሽ አምጥቶ ጫነው፤ ኮምፒውተሩ ግን ጥቁር ገጽ እያሳየ አልከፍትም አለ። ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል ተባለ። ምስሉን የሚሠራለት፣ ሆዱ ውስጥ የሚሰካ፣ ራሱን የቻለ ዕቃ ነው።

ይኼን ጊዜ ነው ወጣቱን ወደ አረብ አገር የሚያሻግረው ደላላ የመጣው። ሰው ሥራ ሲፈታ ደላላ በምን እንደሚያሸተው አላህ ይወቀው። የጎረቤታችን የእትዬ ሞሚና አንድያ ልጅ፣ የኑሩ ባልንጀራ ሰኢድ፣ አስቀድሞ ተመዝግቧል። መንገዱ በጅቡቲ አድርጎ በባህር ነው። እኔ የሄድኩት በአውሮፕላን ነው፤ ያም ሆኖ ያየሁትን አይቻለሁ። በባህር የመጡትን ደግሞ እዚያ ሳለሁ አግኝቻቸዋለሁ። ጀልባው ሲከብድ መጀመሪያ ማን እንደሚወረወር ነግረውኛል።

ለመንኩት፣ አለቀስኩበት። ኑሩ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና «እታለም፣ እዚህ ቁጭ ብዬ ምን ልሥራ? አዲሱን ጌም የሚያስነሳ ካርድ ካገኘን እቀራለሁ። ካልሆነ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ከነሰኢድ ጋር እወጣለሁ» አለኝ።

«ካርዱን እኔ ከደሴ አመጣዋለሁ» አልኩት።

«አንቺ? ምኑን አውቀሽ? እኔ ልሂድ እንጂ።»

እሱን ደሴ መላክ ግን አልቻልኩም። ያ መንገድ እኮ የስደቱም መንገድ ነው፤ ከደሴ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ ወዲያ ወደ ጅቡቲ ማን ይመልሰዋል? ካርድ ሊገዛ ሄዶ በዚያው ቢቀርስ? ይኼን አልነገርኩትም። «አንተ ቤቱን ጠብቅ» ብዬ ዝም አሰኘሁት። እሱም የኮምፒውተሩን ክዳን ከፈተና ውስጡ ያለውን ቦታ በስንደዶ ለካ። ስንደዶውን በልኩ ቆርጦ «ከዚህ የረዘመ እንዳትገዢ» ብሎ ሰጠኝ። መሐረቤ ጫፍ ላይ ቋጠርኩት።

ወሩ ነሐሴ ነበር። ደሴ ስደርስ ጦሳ ጉም ለብሶ አይታይም፤ ዝናቡ ያካፋል፣ በየጥጉ በቆሎ ይጠበሳል። ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር የሚሸጥበት ሱቅ ጠይቄ ገባሁ። ሻጩ ወጣት ነው፣ ጨዋ ነገር። ስንደዶዬን ፈትቼ ሳወጣ ግን ሳቁን መያዝ አቃተው። ይሳቅ፤ እኔ ለሳቅ አልመጣሁም።

ሁለት ካርድ አቀረበልኝ። አንደኛው አገልግሎ የመጣ፣ ባለ ሁለት ማራገቢያ፣ ጡብ የሚያህል። «እህቴ፣ ይኼ የማያጫውተው ጌም የለም። አሮጌ ስለሆነ ነው እንጂ በዚህ ዋጋ አይገኝም» አለኝ። ሌላዋ አዲስ፣ ማራገቢያ እንኳ የሌላት፣ መዳፍ የምታክል። ዋጋቸው እኩል ነው።

ዓይኔ ትልቁ ላይ ቀረ። ግን የመካነ ሰላም መብራት ትዝ አለኝ። «እኛ አገር እኮ መብራቱ ደካማ ነው። ማታ ማታ አምፖሉ ይቀላል እንጂ አይበራም» አልኩት። ሻጩ ራሱን አከከ። «ኮምፒውተርሽ የቢሮ ነው ብለሽኛል። ይኼ ትልቁ ብዙ ኃይል ይጠጣል፤ ከኃይል ሳጥኑ ለብቻው ገመድ ይፈልጋል። የናንተው አይችለው ይሆናል። መብራቱ ከፍ ዝቅ ሲል ደግሞ ሁሉንም ይዞ ሊቃጠል ይችላል።»

«ትንሿስ? አዲሱን ጌም ታስነሳለች?»

«ታስነሳለች። እንደ ሁኔታው።»

«እንደ ሁኔታው ማለት?»

«እንደ ሁኔታው ነዋ» አለና ወደ ሌላ ገዢ ዞረ።

ወጥቼ አንዲት በቆሎ ገዛሁና ከሱቁ በራፍ ቆምኩ። በቆሎው እጄ ላይ ቀዘቀዘ፤ አንድ ፍሬ አልቀመስኩም። ሰው ይህን ዕቃ የሚመርጠው ለጨዋታ ነው። እኔ ግን ያቺን መዳፍ የምታክል ነገር ሳይ የሚታየኝ ባህር ነው። ትልቁን ወስጄ ኮምፒውተሩ ቢቃጠል ኑሩ ይሄዳል። ትንሿን ወስጄ ጌሙን ባታስነሳም ይሄዳል። የምጠይቀው ሰው የለ። አንዱን አላፊ አግዳሚ ይዤ «በናትህ ምረጥልኝ» ልለው ነበር። መጨረሻ ላይ፣ ትንሿ ብትደክም ኮምፒውተሩ እንኳ ይተርፋል ብዬ ተመለስኩና እሷን ገዛሁ። ስንደዶው ላይ ተለካች፤ ልኳ ነች።

ደሴ አድሬ በማግስቱ የተመለስኩበትን መንገድ አልረሳውም። ጉጉፍቱ ላይ ጉሙ መስኮቱ ድረስ መጥቶ ሾፌሩ በጥሩምባ ብቻ ነበር የሚሄደው። ካርዱን በላስቲክ ጠቅልዬ ልብሴ ውስጥ፣ ከሆዴ ጋር አስሬዋለሁ። የመንገዱ እኩሌታ ላይ ካለችው አቀስታ ሳንደርስ መኪናው ጭቃ ውስጥ ገባ። ወርደን ቆመን ሳለን በወዲያኛው በኩል አንድ የጭነት መኪና መጣ፤ ላዩ ላይ ወጣቶች ተጨናንቀው ሸራ ለብሰዋል። ወደ ደሴ መውረዳቸው ነው። ገና ሐሙስ ነው፣ ዓርብ ብሎኛል፣ ግን ደላላ ቀን ቢለውጥስ? ጭቃውን እየረገጥኩ ከመኪናው ጎን ሮጥኩና የያንዳንዳቸውን ፊት አየሁ። አንደኛው «ምን ጠፋሽ እህቴ?» አለኝ። ኑሩ የለበትም። መንገዱ ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ የማላውቃት ሴት ቆሎ ዘግና ሰጠችኝ።

ማምሻውን ስደርስ ኑሩ በራፉ ላይ ቆሟል። ነፍሴ መለስ አለች። ካርዱን ተቀበለኝና ክዳኑን ከፍቶ ሊሰካ ሲል አልገባ አለ። ኮምፒውተራችን ጠፍጣፋው ዓይነት ነው፤ ካርዷ ጫፍ ላይ ያለችው ብረት ደግሞ ከሳጥኑ ከፍታ ትበልጣለች። ስንደዶው ርዝመቱን ነው የለካው፤ ቁመቱን የለካ የለም። ኑሩ አየኝ፣ አየሁት። ደግነቱ ልጁ እጁ ብልህ ነው፤ የብረቷን ብሎኖች በቢላ ጫፍ ፈታና ካርዷን ባዶዋን ሰካት። «አብሽሪ እታለም፣ ገብታለች» አለኝ። ማብሪያውን ተጫነው። ምንም የለም።

መብራት ጠፍቷል። ዝናቡ ምሰሶ ጥሎ ኖሯል።

ዓርብ ረፈደ፣ መብራት የለም። ጁምዓ ተሰገደ፣ መብራት የለም። እኔ «ያረቢ፣ መብራቱን አምጣው» እያልኩ እዞራለሁ። ሰኢድ ትንሽ ቦርሳ አንግቶ መጣ፤ እናቱ እትዬ ሞሚና ከኋላው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው። «ኑሩ፣ መኪናው ሊነሳ ነው» አለ። ኑሩ ቦርሳውን አዘጋጅቶ አልጋ ሥር አስቀምጦት ነበር፤ እኔ ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

ቆመ፣ ኮምፒውተሩን አየ፣ አምፖሉን አየ። «ዛሬ አቀስታ አይደል የምታድሩት? መብራቱ ይምጣና ይቺን ነገር አይቻት፣ እምቢ ካለች ነገ በጠዋት እደርስባችኋለሁ» አለ።

ሰኢድ ሳቀበት። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለና ማውዙን ይዞ ጥቁሩን ስክሪን ትንሽ አየው። «ስመለስ አሸንፍሃለሁ» ብሎ ተነሳ። እትዬ ሞሚና እስከ መኪናው ሸኙት። እኔ ኑሩን ክንዱን ይዤ በራፍ ላይ ቀረሁ።

መብራት የመጣው ቅዳሜ ቀትር ላይ ነው። የአቀስታው ሚኒባስ ጠዋት ሄዷል፤ ኑሩ በመብራት ተስፋ አምልጦታል። ጌሙ ተነሳ። ምን ዋጋ አለው፤ ተጫዋቾቹ አንድ እግር ያነሱና ይቆማሉ፣ ቆይተው ሌላውን ያነሳሉ። ሻጩ «እንደ ሁኔታው» ያለው ገባኝ። ኑሩ እጁን ከማውዙ ላይ አነሳና ወደ በሩ ዞሮ ተመለከተ። ያንን አስተያየት አልረሳውም፤ ሌላ መኪና እያሰበ ነበር። መናገር ፈራሁ፣ መንቀሳቀስ ፈራሁ። ብዙ ከቆየ በኋላ እንደገና ወደ ኮምፒውተሩ ዞረና የጌሙን ማስተካከያ እየከፈተ አንድ በአንድ ያጠፋ ጀመር። የሣሩን ጥራት ቀነሰ፣ ጥላውን አጠፋ፣ ተመልካቹን ሁሉ አጠፋ። ሜዳው ባዶ ሆነ፤ ኳሷ ግን ሄደች። መስኮቱ ላይ ያፈጡ ልጆች ገቡ። እስከ መግሪብ ቤቱ ሞላ፤ ኑሩም የትም አልሄደም።

የነሰኢድ ስልክ ከጅቡቲ በኋላ ተዘጋ። አንዱ «ጀልባቸው ሰጠመች» አለ፣ ሌላው «የመን ታስረው ይሆናል» አለ። ያረጋገጠ ስለሌለ እትዬ ሞሚና ለቅሶ እንኳ አልተቀመጡም። እስከ ዛሬ አልተቀመጡም።

ኑሩ አሁን እዚሁ ስልክ ይጠግናል፣ የልጆች አባት ነው። ሰው «ወንድሟን ከባህር ያስቀረች» ይለኛል። እኔ ግን ያስቀረው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ያን ዓርብ እንደ ጸሎቴ መብራት መጥቶ ቢሆን ኖሮ ኑሩ ያንን የሚንፏቀቅ ጨዋታ አይቶ ቦርሳውን ያነሳ ነበር። መኪናው ገና አልተነሳም ነበራ። ለሞቱ ስጸልይለት ዋልኩ ማለት ነው። ይኼን ሳስብ ከያኔው ይልቅ አሁን እፈራለሁ። ስለዚህ ለእህቴ ልጅ ብሩን ልኬ «አንተው ምረጥ» አልኩት።

እትዬ ሞሚናን ትናንት ከገበያ ስመለስ አገኘኋቸው። አርጅተዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል፤ በድምፄ ነው የሚያውቁኝ። እጄን ይዘው «ኑሩ ደህና ነው?» አሉኝ፤ ሁሌም ይጠይቃሉ። «አልሃምዱሊላህ» አልኩ ቀስ ብዬ።

«እሱን እንኳ ያቆየው» አሉኝ፤ «ሰኢዴ ሲመጣ ባልንጀራ እንዳያጣ።»

አሚን ማለት ፈራሁ፣ ዝም ማለትም ፈራሁ። አሚን አልኳቸው።