ሂጂ ያላልኳት ልጅ

እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ውስጥ ኖሬያለሁ። ሠርቻለሁ አላልኩም፤ ኖሬያለሁ ነው ያልኩት። በሽተኛው መስኮቱ ጋ መጥቶ «ካርዴ ጠፋብኝ» ሲል ፊቱን ብቻ አይቼ «አንተ ያ እግሩ የተሰበረው አይደለህም? ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ ነህ፣ ከታች» እለው ነበር። እቴ! የኔን ጭንቅላት የሚያህል ኮምፒውተር የት ይገኛል እያልኩ ጉራዬን ስነዛ ኖርኩ። ኮምፒውተሩ የመጣ ቀን ግን ጉራዬን ሁሉ ውሃ በላው።

የምነግራችሁ ታሪክ ግን የኔ አይደለም፤ የአንዲት ልጅ ነው። ሆስፒታሉ በሙሉ «ፓስዎርድ» እያለ ነበር የሚጠራት። ጠዋት ገና ከበሩ ስትገባ ሐኪሙም፣ ጸሐፊዋም፣ ገንዘብ ተቀባዩም በየበሩ ብቅ እያሉ «ፓስዎርድ ጠፋብኝ!» ይሏታል፤ ስሟ በዚያው ቀረ። ደቃቃ ናት፤ ቦርሳዋ ውስጥ መስታወትና ከንፈር ቀለም አታገኙም፣ ካቻቪቴና የተጠቀለለ ገመድ ነው። ሳቋ ግን ከኮሪደሩ ማዶ ይሰማል። እኔን «እትዬ» ነበር የምትለኝ።

ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣች ነው የቀጠሯት። አይቲ ማለት እዚያ ቤት ሶኬት ያለው ነገር ሁሉ ማለት ነው። ፕሪንተር ወረቀት ሲበላ እሷ፣ ኔትወርክ ሲቋረጥ እሷ፣ የዳይሬክተሩ ውሃ ማፍያ አልሞቅ ሲል እንኳ እሷ። አንድ ቀን የጥርስ ክፍሉ ወንበር አልነሳም ብሎ ጠሯት። «እኔ የተማርኩት እኮ ፕሮግራም መጻፍ ነው» አለች እየሳቀች፣ ከወንበሩ ሥር ተኝታ አስነሳችው። ደመወዟ ከጽዳት ሠራተኛዋ ደመወዝ ብዙም አይርቅም። ጭማሪ ስትጠይቅ የአስተዳደር ኃላፊው «መደብሽ እኮ መዋቅሩ ላይ የለም» ይላታል። ሥራው አለ፣ ሠራተኛዋ አለች፣ መደቡ የለም! እንዲህ ዓይነት ጉድ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

እና ሲስተም የሚሉት መጣ። የካርድ ክፍል ሠራተኛ ሁሉ የዕለቱን ካርድ በራሱ እጅ ኮምፒውተር ላይ ያስገባል፣ በስድስት ወር ውስጥ ያልቻለ ከቦታው ይነሳል ተባለ። ሦስት ቀን ሥልጠና ሰጡን። ማውዙን ስይዝ ቀስቷ እንደ ዝንብ ከዚህ እዚያ ትላለች። አንድ ስም ለመጻፍ ሩብ ሰዓት ይፈጅብኛል። ለጡረታ ሁለት ዓመት ተኩል ነበር የቀረኝ። ባሌ ካረፈ ቆይቷል፣ ልጅ አልወለድኩም፣ ያለችኝ ይቺው ጡረታ ናት። ከመደርደሪያ መደርደሪያ መሃል ገብቼ ሳለቅስ ፓስዎርድ መጣችብኝ።

«እትዬ፣ ምን ሆኑ?»

ነገርኳት። ወንበሬ ላይ ተቀመጠችና «ያንብቡልኝ» አለችኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌሎቹ ለምሳ ሲወጡ በሩን ገርበብ እናደርጋለን። የሐኪሞቹን ጽሑፍ ከኔ በቀር የሚፈታው የለም፤ እኔ አነባለሁ፣ እሷ ትመታለች። ዳቦዋን በግራ እጇ እየገመጠች በቀኝ እጇ ትጽፋለች። የሚገባው በኔ ስም ነው። ሲስተሙ የሚያየው ስም እንጂ ጣት አይደለ! በዓመቱ መጨረሻ «ፈጣን ሠራተኛ» ብለው በስብሰባ ፊት የምስክር ወረቀት ሸለሙኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ተቀበልኩ። ከኋላ ወንበር ተነሥታ ከሁሉ አብልጣ ያጨበጨበችልኝ እሷ ናት። እንዲህ ያለች ልጅ ናት እንግዲህ።

የቤቷንም ነገር ያኔ ነው ያወቅኩት። እናትና ልጅ አንዲት ክፍል ተከራይተው ነው የሚኖሩት። እናቷ የሰው ልብስ ይተኩሳሉ። ቆመው ነው የሚውሉት፣ እግራቸው አብጧል። «እትዬ፣ እኔ ሌላ ሐሳብ የለኝም» ትለኝ ነበር ካርድ እየመታች፣ «እማዬን አንድ ቀን ቁጭ ባደርጋት ይበቃኛል። ተቀምጣ ሻይ ስትጠጣ ባያት ይበቃኛል።» ማታ ማታ ቤቷ ሆና የራሷን ፕሮግራም ትጽፍ ነበር። ቀን ፕሪንተር፣ ማታ ትምህርት።

ሦስት ዓመት ሊሞላት ሲል፣ ማክሰኞ ቀን በምሳ ሰዓት ገባችና በሩን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው። ፊቷ በርቷል።

«እትዬ፣ ሥራ አገኘሁ!»

ሌላ ከተማ፣ በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ፣ ፕሮግራም የሚጽፍ ድርጅት ነው። ደመወዙ የሆስፒታሉን ሦስት እጥፍ፣ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት እያስተማሩ ያሠሯታል። እስከ ዓርብ ቁርጡን አሳውቂን ብለዋታል። «ምን ይሉኛል?» አለችና ፊቴ ቆመች።

እናት ብሆን እልል እል ነበር። የኔ ዓይን ግን ወደሷ ፊት አልሄደም፣ ወደ ጠረጴዛው ሄደ። ሥልሳ ሁለት ካርድ ተቆልሏል። ለጡረታዬ ገና ዓመት ከስምንት ወር ይቀረኛል። ይቺ ልጅ ከሄደች በሳምንቱ ጉዴ ይወጣል፤ ያን ሁሉ ካርድ ማን ሲያስገባ ነበር ይባላል፣ በማጭበርበር ከሥራ እባረራለሁ፣ ጡረታዬም ገደል ይገባል።

«ልጄ» አልኳት። ልጄ! ያኔ ነው ልጄ ማለት የመጣልኝ። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይባላል። ሰዎቹን ታውቂያቸዋለሽ? ስድስት ወር አሠርተው ቢያባርሩሽስ? ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል።» ለደግ ነገር ሲሆን ምላሴ ይተሳሰራል፤ ለዚያ ቀን ግን ተረቱ ራሱ ይጎርፍልኝ ጀመር። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ደግሞ መዋቅሩ በቅርብ ይጸድቃል ሲሉ ሰምቻለሁ፣ መደብሽ ይመጣል።» ከማን ሰማሽ ብትሉኝ ከማንም። እዚያው ፈጠርኩት።

የፊቷ ብርሃን አልጠፋ ሲል ደግሞ የመጨረሻውን አወጣሁ። «እናትሽንስ ለማን ትተሻቸው ትሄጃለሽ? በዚያ እግራቸው አንድ ቀን ቢወድቁ ማን ያነሳቸዋል?»

ብዙ አየችኝ። ከዚያ ወንበሬ ላይ ተቀመጠችና «ካርድ ቁጥሩን ያንብቡልኝ» አለች። አነበብኩላት። ሥልሳ ሁለቱንም።

ዓርብ ዕለት ሁለተኛ ፎቅ ወጥቼ አገኘኋት። ፕሪንተሩን ገልብጣ ሆዱን እየጠረገች ነበር፣ እጇ እስከ ክርኗ ቀለም።

«እህስ?» አልኳት።

«ቀረሁ» አለች ቀና ሳትል።

«እሰይ!» አልኩ። ምላሴን በቆረጠው።

ከዚያ በኋላ ያለው ለወሬም አይመች። የአስተዳደር ኃላፊው ሌላ ሥራ አግኝታ እንደተወችው ሰማ። ትታልን ቀረች ብሎ ቢያስብላት መልካም ነበር፤ እሱ እቴ! «የምር ቢሆን ትሄድ አልነበር?» ብሎ ሳቀባት፣ ጭማሪም ዳግመኛ አልተነሳም። የሚገርማችሁ፣ እኔ የዋሸሁት መዋቅር በዓመቱ እውነት ሆኖ ጸደቀ። መደቡ ግን አምስት ዓመት ልምድ ይጠይቃል ተባለና ከውጭ ሌላ ሰው አምጥተው አለቃ አደረጉባት። የትኛው ገመድ ወዴት እንደሚሄድ ያስተማረችው እሷ ናት። ማታ ማታ የምትጽፈውንም ተወችው። ለምን ስላት «ይደክመኛል እትዬ» ብቻ አለችኝ። ሳቋ መቼ እንደቀረ ልብ አላልኩም። አንድ ቀን ኮሪደሩ ጸጥ ማለቱን ሰማሁ እንጂ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ግን አንድም ቀን ቀርታብኝ አታውቅም።

ጡረታዬን ወጣሁ። አበባ ሰጡኝ፣ ብርድ ልብስ ሰጡኝ፣ አጨበጨቡልኝ። ቤቴ ገብቼ ብርድ ልብሱን አልጋ ላይ አስቀምጬ አየሁት፣ አየሁት፤ ልለብሰው አልቻልኩም። የሰው ዕድሜ መስሎ ታየኝ። በወሩ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ አድራሻቸውን ጠያይቄ ቤታቸው ሄድኩ። ልናገር ነበር። በቃ ልናገርና እንደፈለጉ ይስደቡኝ ብዬ።

በሩ ክፍት ነው። እናትዮዋ ቆመው ሸሚዝ ይተኩሳሉ። ከጣሪያው እስከ አልጋው ድረስ የሰው ልብስ ተንጠልጥሏል፤ ልጅቷ ከልብሱ መሃል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቁልፍ ትሰፋለች። አንድ ወንበር ነው ያለው። እሱን ለኔ ሰጡኝ።

«እትዬ ማለት እርስዎ ነዎት?» አሉ እናትዮዋ መተኮሻውን አቁመው። «አይ የኔ እናት! እንዴት ሳላመሰግንዎት ቀረሁ! እኔማ ያኔ ሂጂ ብያት ነበር። ሻንጣም ከጎረቤት ተውሼላት ነበር። የኔ ነገር አያሳስብሽ፣ አንቺ ብቻ ሰው ሁኚ ብያት ነበር። ኋላ ግን እትዬ ቅሪ አሉኝ ስትለኝ፣ እሳቸው ትልቅ ሰው ናቸው፣ ቢሮ የኖሩ ናቸው፣ የታያቸው ነገር ቢኖር ነው አልኩ። ሻንጣውን መለስኩ። እግዜር ይስጥልኝ፣ እንደ ልጅዎ አይተው መከሩልኝ።»

ጎንበስ ብለው እጄን ሊስሙ መጡ። እጄን ነጠቅኳቸው። ልናገር አፌን ከፈትኩ። ከኋላቸው ልጅቷ መርፌዋን እንደያዘች ራሷን ነቀነቀችብኝ። አይንገሯት ማለቷ ነው። ተነሥቼ ወጣሁ፤ ሻይም አልጠጣሁ።

እስከ ግቢው በር ሸኘችኝ። እዚያ ቆምኩና «ዋሽቼሽ ነበር» አልኳት። «መዋቅሩም ውሸት ነበር። እናትሽም አሳስበውኝ አልነበረም። ለራሴ ብዬ ነው፣ ለጡረታዬ።»

«አውቃለሁ» አለችኝ። እንዲሁ፣ ቀዝቀዝ ብላ። «ያን ቀን ካርዶቹን ሲያዩ አየሁዎት።»

«አውቀሽ ነው? ታዲያ ለምን ትተሽኝ አልሄድሽም?»

«እኔ እኮ እመጣለሁ ብዬ ጽፌላቸው ነበር፣ ዓርብን ሳልጠብቅ፣ ሰኞውኑ። ወደ እርስዎ የመጣሁት ለምክር አልነበረም እትዬ። መርቀው ይሸኙኛል ብዬ ነው።» በጣቷ የበሩን ዝገት ትፍቅ ጀመር። «ከዚያ የእማዬን እግር ሲያነሱብኝ ፍርሃትዎ ገባኝ። ትቼዎት ብሄድ እንደሚያባርሩዎት አውቃለሁ። አንድ ቃል ብቻ ቢሉኝ፣ ሂጂ፣ እኔ እንደምንም እሆናለሁ ቢሉኝ፣ ልቤ ሳይሰበር እሄድ ነበር። እሱን ነው የጠበቅኩት። ካርዱን ሁሉ ስመታ፣ ሥልሳ ሁለተኛው እስኪያልቅ ጠበቅኩ።»

ብትሰድበኝ፣ በጥፊ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። አልተቆጣችም። ልጅ አልወለድኩም ብያችኋለሁ፤ እግዜር አንዲት ልጅ ቢልክልኝ ያደረግኳት ይኸው።

«አሁንስ?» አልኳት። «አሁንስ ሌላ ቦታ አትሞክሪም? ወጣት እኮ ነሽ!»

«ሞከርኩ። ባለፈው ወር አንድ ቦታ ፈተና ተቀመጥኩ። ወረቀቱን ሳየው አብዛኛውን አላወቅኩትም። ሥራው በየዓመቱ ይለወጣል እትዬ፤ እነሱ የሚፈልጉት ትናንት የተመረቀውን ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ምን ስትሠሪ ነበር አሉኝ።» ልትስቅ ሞከረች። «ምን ልበላቸው? ፕሪንተር?»

መንገደኛው ያየናል፣ አላፈርኩም። ሁለት እጄን ራሷ ላይ ጫንኩ። «ሂጂ የኔ ልጅ፣ ሂጂ» አልኳት እያለቀስኩ። «እኔ እንደምንም እሆናለሁ። ሂጂ፣ መንገድሽን ያቅናልሽ።»

ራሷን ከእጄ ሥር ሳታወጣ «ወዴት፣ እትዬ?» አለችኝ።