የተቀባዮቹ ቦታ

ባለፈው ሳምንት ቤዛ ኮምፒውተሯ ላይ አዲስ ፕሮግራም ጭና ጠራችኝ። ቤዛ ስቱዲዮዬ ውስጥ ድምፅ የምታስተካክል፣ ሥራዋን የምትወድ፣ ቸኩላ የምታወራ ልጅ ናት። «እዪ ሂሩትዬ፣ ይኼ ነገር ባዶውን ሁሉ ራሱ ፈልጎ ይቆርጠዋል» አለችና አንዲት ቁልፍ ነካች። ከአንድ አዛውንት የቀዳነው ንግግር ዓይኔ እያየ አጠረ። ሰውየው ትንፋሽ የሚወስዱበት፣ የሚያስቡበት፣ ቃል የሚፈልጉበት ጊዜ ሁሉ ጠፍቶ እንደ ጨረታ አጫራች ይንጣጡ ጀመር። ቤዛ ደስታዋን እንድካፈላት ፊቴን ፊቴን ታየኛለች። የእኔ ልብ ግን ሌላ ዘመን ሄዷል። «ዋናውን አስቀምጠሽዋል?» አልኳት። «እንዴ፣ አዎ!» አለች ጥያቄው ገርሟት። እሷ ምን ታውቃለች፤ እኛ ያኔ አላስቀመጥነውም ነበር።

ያኔ ማለት እኔና ፉአድ ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን፣ በሯ ላይ «ድምፅ ቀረጻና ግራፊክስ» ብለን የጻፍንበት ጊዜ ነው። ፉአድ አብሮኝ የተማረ የመጋላ ልጅ ነው፤ ድምፁ የሱ፣ ሥዕሉና ጽሑፉ የእኔ ነበር። አባቴ ምድር ባቡር ያረጀ የሸዋ ሰው ነው። ሥራ ማለት ለሱ ደመወዝና ጡረታ ያለው ነገር ብቻ ስለነበር፣ ማታ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ተሻግሬ ከዚራ ሰፈር ቤታችን ስገባ «ዛሬስ ማን ጮኸላችሁ?» እያለ ይቀልድብኛል። እውነቱን ለመናገር የሚጮሁት ብዙ ነበሩ። ታይዋን የሚባለው ገበያ ነጋዴዎች ጫማና ሬዲዮናቸውን በድምፅ ማጉያ እንድናስተዋውቅላቸው ይመጣሉ፤ ፉአድ አንዱን ማስታወቂያ በአማርኛ ይጀምርና በኦሮምኛ ቀጥሎ በሶማሊኛ ይጨርሰዋል። እኔ ደግሞ የሰርግ ካርድ፣ የሱቅ ታፔላ፣ የጭማቂ ቤት ዋጋ ዝርዝር እሠራለሁ። በዚያ ዘመን ድሬ ውስጥ የማንጎ ሥዕል ያለበት ሰሌዳ ካያችሁ፣ ማንጎው የእኔ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ክፍላችንን በኮምፔንሳቶ ለሁለት ከፍለን ትንሽ መስታወት አስገባንበት። ግድግዳውን ፈጢራ ከሚጠብሱ ቁርስ ቤቶች በለመንነው የእንቁላል ካርቶን ለበጥነው፣ በሩ ላይ የፍራሽ ስፖንጅ ሰቀልን። ችግሩ ሙቀቱ ነው። ማራገቢያው ከበራ ማይክራፎኑ ጩኸቱን ይሰማል፤ ከጠፋ ሰው እንደ ሻማ ይቀልጣል። የውጪው ጩኸት ግን ራሱ መፍትሔ ነበረው። ድሬ ቀትር ላይ ትተኛለች። ሱቁ ይዘጋል፣ ወንዱ ጫቱን ይዞ በርጫው ላይ ይቀመጣል፣ ባጃጁ ኒም ዛፍ ሥር ይቆማል። ያቺን ጸጥታ ጠብቀን እንቀዳ ነበር፤ ከዚያ ወጥተን ቀዝቃዛ የጊሽጣ ጭማቂ ፍለጋ የተከፈተ በር ስናስስ ትዝ ይለኛል።

አዴ ዘይነባ የመጣችው በአንድ ግንቦት ነው፤ የድሬዳዋ ዛፍ ቅጠሉን ረስቶ አበባ ብቻ በሆነበት ሰሞን። አዴ ዘይነባ፣ «አዴ» እትዬ እንደማለት ነው፣ የመጋላ የሰርግ አቀንቃኝ ናት። «አንቱ» ስላት «አሮጊት አደረግሽኝ እንዴ?» ብላ ትቆጣ ስለነበር፣ ዛሬም ስጽፍ ላከብራት ብዬ አላስቀይማትም። ሴት ልጅ ስትዳር የሷ ድምፅ ከሌለ ሰርጉ የተጀመረ አይመስልም። በኦሮምኛ ትነሳለች፣ በሐረሪ ትቀጥላለች፣ የሙሽራው ወገን ሶማሌ ከሆነም በቋንቋው ታሞግሰዋለች። በየመሀሉ የሙሽራዋን ስም እየጠራች ታስለቅሳታለች፤ ሴቶቹም ከበሮ ይዘው ይቀበሏታል።

ያን ቀን አንድ ልጇን ኢክራምን አስከትላ ገባችና ሻሿን ከአንገቷ ላይ ገለጥ አደረገች። እንቅርቱ አብጧል። አዲስ አበባ ሄዳ በቀዶ ሕክምና ልታስወጣው ነው፤ ሐኪሙም የድምፅ ጅማት እዚያው አጠገብ ስለሆነ ድምፅሽ እንደነበረው ላይመለስ ይችላል ብሏታል። የኢክራም ሰርግ ደግሞ ከሕክምናው በኋላ ነው፤ መልካ ጀብዱ ለሚኖር ልጅ ታጭታለች።

«ዕድሜ ልኬን የሰው ልጅ ስድር ኖርኩ» አለችን። «የኔዋ ተራ ሲደርስ አፌን ይዤ ልቀመጥ ነው? አቦ ድምፄን ያዙልኝ። ልጄ ድምፄን ሳትሰማ ከቤቴ አትወጣም።»

ኢክራም ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። እኔም ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ፉአድ ግን ገመድ ለመፍታት ጎንበስ አለ፣ ሲከፋው ልማዱ ነው።

ፉአድ ጥሩ ቀረጻ ማለት አንድ ሰው፣ አንድ ማይክራፎን፣ ዝግ ክፍል ነው ብሎ ያምናል። ስለዚህ አዴ ዘይነባን ብቻዋን አስገባናት፣ ሻሿ ላይ የጆሮ ማዳመጫ ደፋንባት። አንድ ስንኝ ታወጣና ዝም ትላለች። ሌላ ታወጣና ዝም። በመስታወቱ እያየን «ትንፋሽ እያጠራት ነው» አለ ፉአድ ቀስ ብሎ። እኔም እንደዚያው መሰለኝ። አንጀታችንን በላችው። በማግስቱ ፉአድ ዝም ያለችበትን ቦታ ሁሉ እየቆረጠ ስንኙን ከስንኝ ገጠመው። እኔ ደግሞ ለሲዲው ሽፋን ያነሳኋትን ፎቶ ይዤ አንገቷን አስተካከልኩ፣ እብጠቱን አጠፋሁ፣ ዙሪያውን ጽጌረዳ አደረግሁበት። ስናዳምጠው አንድም ቦታ አይቋረጥም። «ታማ ነበር የሚል ሰው የለም» ተባባልን። የኮምፒውተሩ ማስቀመጫ ጠባብ ስለነበር የተቆራረጠውን ቅጂ በዋናው ላይ ደርበን ዋናውን አጠፋነው።

አዴ ዘይነባ ለመንገድ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ልትሰማው ከኢክራም ጋር መጣች። መጀመሪያ ሽፋኑን ሰጠኋት። አየችውና ሳቀች፤ «አንቺ ሂሩት፣ ከሐኪሙ ቀድመሽ አዳንሽኝ!» ብላ ለኢክራም አሳየቻት። ከዚያ ፉአድ ድምፁን ከፈተ። የመጀመሪያው ስንኝ እንዳለቀ እጇ ለጭብጨባ ተነሳ፤ ግን ሁለተኛው ስንኝ ቀደማት። እንደገና ሞከረች፤ ሦስተኛው መጣ። እጆቿን ጭኗ ላይ አሳረፈች።

«ፉአድ፣ ተቀባዮቹ የት ይግቡ?» አለች።

ፉአድ ድምፁን አጠፋው።

«ቦታቸውን ትቼላቸው ነበርኮ። ሴቶቹ በዚያ ይመልሱልኛል ብዬ፣ በልቤ እየቆጠርኩ። የት ወሰዳችሁት?»

የደከማት መስሎን እንደነበር ነገርናት። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣን ይሻል ነበር። «ዋናውስ?» አልኩት ፉአድን፣ መልሱን እያወቅሁ። «የለም» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ነገ ጠዋት አውቶቡስ ትሳፈራለች፤ ከዚያ በኋላ ያ ድምፅ ይኑር አይኑር ማንም አያውቅም።

«እንደገና እንቅዳ፣ አሁኑኑ» አልኩ።

«ሀዬ፣ እሺ» አለች። «አንዴ እችላለሁ። ሐኪሙ አትጩኺ ብሎኛል፤ ሁለቴ አልልም።»

ቀትር ሆኗል፤ ሰፈሩ ጸጥ ብሏል። ማራገቢያውን አጥፍተን አስገባናት። ሁለት ስንኝ እንዳለች አቆመችና የጆሮ ማዳመጫውን አወለቀች። «ማን ይቀበለኛል፣ የእንቁላል ካርቶኑ?» አለች። ያኔ ነው የገባኝ። የመጀመሪያው ቀረጻም ስንኙ ብቻ እንጂ እሷ አልነበረችበትም፤ በሰርግ ቤት የማውቀው ያ ጉልበት እኛ ክፍል ገብቶ አያውቅም። አዴ ዘይነባ የሰው ፊት ሳታይ መዝፈን አትችልም።

ኢክራም ምንም ሳትናገር ወጣች። በዚያ ፀሐይ በጠባቡ መንገድ እየሮጠች በር ስታንኳኳ ይሰማናል። ትንሽ ቆይቶ ጎረቤቶቿ በድሪያ ቀሚሳቸው፣ ግማሾቹ እንቅልፋቸውን ሳይጨርሱ፣ እየተነጫነጩ መጡ። ከፊት የመጣችው ሐሊማ ናት፤ እልልታዋ ከአንድ ሰፈር ሌላ ሰፈር የሚሰማ ሴት። ክፍሉ ሞላ።

ፉአድ ደነገጠ። «እነዚህ ሁሉ ከጮሁማ የሷ ድምፅ ይዋጣል። ያለችን አንድ ማይክራፎን ናት።»

«በዚያ ላይ» አለች አዴ ዘይነባ፣ «የሰርጉ ቀን የሚመልሱት በቦታው ያሉት ናቸው። ቦታው ባዶ ይሁንላቸው።»

መላውን ያመጣችው ኢክራም ናት። «ያለ ድምፅ ተቀበሏት» አለች። «አፋችሁ ይመልስ፣ ድምፃችሁ አይውጣ።»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። «እኛ? ያለ ድምፅ?» አለች ሐሊማ፤ «ወላሂ እፈነዳለሁ!» ቢሆንም አዴ ዘይነባን ከበው ቆሙ። ኢክራም ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። ፉአድ ከመስታወቱ ጀርባ ሆኖ ጀምሪ ለማለት እጁን አወረደ።

እንደዚያ ያለ ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። አዴ ዘይነባ ስንኙን ታወጣለች፤ ስትጨርስ ሴቶቹ ሁሉ አፋቸውን ከፍተው፣ ወገባቸውን እየነቀነቁ፣ ድምፅ ሳያወጡ ይመልሱላታል። እጆች ለማጨብጨብ ይመጡና ሳይነካኩ ይቆማሉ። ላብ ከአገጫቸው ይንጠባጠባል፣ ማንም አይጠርግም። እሷም ፊታቸውን እያየች፣ ልክ ሲጨርሱ ቀጣዩን ታነሳለች። ድምፁ መጣ። የሰርግ ቤቱ ድምፅ፣ ደረቱን ነፍቶ የሚመጣው። ልጅ ከእናቷ ቤት ስትወጣ የሚባለው ዘፈን ላይ ስትደርስ ኢክራምን በስሟ ጠራቻት። ኢክራም እንባዋ እየወረደ በከንፈሯ ብቻ መለሰች፤ ምን እንዳለች የሚያውቁት ሁለቱ ናቸው። ልክ ዘፈኑ ሲያልቅ ሐሊማ የፈራችው ደረሰባት፤ እልልታው ፈነዳ። ሴቶቹ አፏን ሊይዙ ዘለሉ፣ አዴ ዘይነባም ከት ብላ ሳቀች፤ ሁሉም ተቀዳ። ፉአድ እጁ መቁረጫው ላይ ሊሄድ ሲል ቀና ብሎ አየኝና ተወው።

ሕክምናው ደህና አለፈ። ድምፅዋ ግን ሐኪሙ እንደፈራው ሆነ፤ ለወሬ የሚበቃ፣ ዝቅ ያለና ሻካራ። ለሰርጉ ቀን ማጉያውን ግቢው ውስጥ አስቀምጠን እኔና ፉአድ አጠገቡ ቆምን። መልካ ጀብዱ የሚሄዱት መኪኖች አበባ ታስረው ውጪ ይጠብቃሉ። ፉአድ ከፈተው። ያ ድምፅ ግቢውን ሞላው፤ ከዚያም የተወችው ቦታ መጣ፤ ጸጥ። ሴቶቹ ሳጥን እንዴት ይቀበላሉ? እርስ በርስ ተያዩ። ቦታው ባዶውን አለፈ። ሁለተኛው ስንኝ አለቀ። ያኔ ከምንጣፉ ጥግ አንድ ሻካራ ድምፅ መለሰ፤ አዴ ዘይነባ ለራሷ ድምፅ እየተቀበለች ነበር። በሦስተኛው ላይ ግቢው በሙሉ ተነሳ። ኢክራም የእናቷን ድምፅ ሰምታ ከቤት ወጣች።

ብዙ ዓመት ሆነው። ፉአድ ጅጅጋ የራሱን ስቱዲዮ ከፍቷል፤ ኢክራምም ልጆች አድርሳለች። ያ ቀረጻ ከሲዲ ወደ ፍላሽ፣ ከፍላሽ ወደ ስልክ እየተላለፈ የመጋላ ሰርግ ሁሉ ይከፍተዋል። የየትኛዋም ሙሽራ ስም ለዚያች ሰዓት ኢክራም ነው፤ ሰዉም ለምዶት እየሳቀ ይቀበላል። በሐሊማ እልልታ ላይ ያኔ ያልተወለዱ ልጆች ዛሬ እልል ይሉበታል። አዴ ዘይነባ አርጅታለች፤ ግን ከሰርግ አትቀርም፣ ሁልጊዜ ከተቀባዮቹ ጋር ናት።

ባለፈው ወር የአንድ ጎረቤቷ ልጅ ስትዳር ማጉያውን የወሰድኩት እኔ ነበርኩ። ከአዴ ዘይነባ አጠገብ የተቀመጠች፣ ድምፅዋ ጥርት ያለ ልጃገረድ ከሁሉም በላይ እየተቀበለች ነው። በመሀል ጎንበስ አለችላት።

«አዴ፣ ይቺን የምትዘፍነውን ሴትዮ ታውቂያት ነበር?»

«አውቃታለሁ» አለች አዴ ዘይነባ። «ደህና ነበረች። ግን የዛሬዋን ሙሽራ ስም አታውቅም። አንቺ ታውቂያለሽ፤ ተነሺ።»

ከዚያ ወደ እኔ አየችና እጇን አወረደች፤ አጥፊው ማለቷ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ድምፅ እንዳይጠፋ ስታገል ኖሬ፣ ያን ማጉያ ሳጠፋ የተሰማኝን ደስታ ከዚህ በላይ ልገልጸው አልችልም። ያዝነው ብለን የነበረው ድምፅ ለካ እስኪተኩት ድረስ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ልጅቷ ተነስታ ቆመች፣ አንድ ስንኝ አወጣች፣ የሙሽራዋን ስም ጠራችና ቦታ ትታ ጠበቀች። መጀመሪያ የመለሰላት ያ ሻካራ ድምፅ ነው። ቀጥዬ እኔ ተቀበልኩ።